የጋማ ፒክ ይዤ የቤታን ኢነርጂ በምን መንገድ ልወቅ?

የጦሳ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከደሴ ነው የምጽፍላችሁ። ለሁለተኛ ዲግሪዬ የላብ ሥራ ላይ ነኝ። አማካሪዬ የሰጠኝ ርዕስ በአንድ መስመር ያልቃል፦ «የሲሲየም 137ን የቤታ ፍርሰት ኢነርጂ ለኪ።» ያለኝ ዕቃ አንድ ሶዲየም አዮዳይድ ዲቴክተር፣ አንድ ጋይገር ቆጣሪ፣ ሳንቲም የሚያክሉ ሦስት ሶርሶች (ጨረር የሚያወጡ ናሙናዎች) ነው። ሲሲየም 137፣ ኮባልት 60 እና ሶዲየም 22።

ሲሲየሙን ዲቴክተሩ ፊት አስቀምጬ ሌሊቱን ሙሉ ቆጠርኩ። ጎልቶ የወጣው አንድ ፒክ (ቆጠራው የተከመረበት ጉብታ) ነው፤ 662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ (ከዚህ በኋላ ኬቪ እያልኩ ላሳጥረው)። መጽሐፉ ግን የፍርሰቱ ጠቅላላ ኢነርጂ 1,176 ኬቪ ነው ይላል። እኔ ስፔክትረም (በየኢነርጂው የተቆጠረውን የሚያሳየው ሥዕል) ላይ 1,176 ጋ ምንም የለም። ባዶ ነው።

ግራ የገባኝ እዚህ ጋ ነው። ጋማ ሌላ፣ ቤታ ሌላ፤ ጋማው እንደ ብርሃን ያለ ጨረር፣ ቤታው ኤሌክትሮን ነው። ጋማውን ለክቼ ስለ ቤታው የማውቀው በምን ሂሳብ ነው? ቤታው ራሱስ ዲቴክተሩ ላይ ለምን አይታየኝም?

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፒኩ ቦታ ይለቃል። ማታ ቻናል 412 ላይ የተውኩትን ጠዋት 405 ላይ አገኘሁት። ሶርሱን አልነካሁትም።

ቦርከና፦

እንኳን ጠየቅሽ እህቴ። እኔ ኮምቦልቻ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ጀርማኒየም ዲቴክተር ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የጀመርኩትም ልክ እንዳንቺው በአንዲት ሲሲየም ሶርስ ነው።

መጀመሪያ ቀላሉን እንጨርስ። የፒኩ መንሸራተት ከሲሲየሙ አይደለም። የክሪስታሉን ብልጭታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ቱቦ ለቮልቴጅም ለሙቀትም ስሱ ነው። መብራት ሲጠፋ ይቀዘቅዛል፤ ሲመለስ እስኪረጋጋ ጊዜ ይፈልጋል። የደሴ ሌሊት ደግሞ ታውቂዋለሽ። መብራት ከመጣ በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ጠብቂ፤ ከዚያ ካሊብሬት አድርጊ፤ የትኛው ቻናል ስንት ኬቪ እንደሆነ በሚታወቅ ፒክ አስተካክዪ ማለት ነው። ቆጠራው ሲያልቅም እንደገና ካሊብሬት አድርጊ። ሁለቱ ካልተስማሙ ያን ሌሊት ተዪው።

ቤታው የማይታይሽ ደግሞ በሩ ላይ ስለሚቀር ነው። የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል እርጥበት አይወድም፤ አየር ካገኘው ይበላሻል። ስለዚህ አሉሚኒየም ውስጥ ታሽጎ ነው የሚመጣው። አብዛኛው የሲሲየም ቤታ ከ514 ኬቪ አያልፍም፤ እሱን ለማቆም 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ አሉሚኒየም ይበቃል። ሽፋኑ፣ ከሥሩ ያለው ነጭ አንጸባራቂ ንጣፍ እና የሶርሱ ፕላስቲክ ተጋግዘው ያስቀሩታል። ጋማው ግን ሰተት ብሎ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርጂ አስቢው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ሚኒባሱ ቀጥ አድርጎ መናኸሪያ ቢያደርስሽ፣ ወይም መንገድ ላይ ወርደሽ የቀረውን ቁልቁለት በእግርሽ ብትጨርሺው፣ በጠቅላላው የወረድሽው ያው 650 ሜትር ነው። ሲሲየምም እንደዚያ ነው። ከመቶ ፍርሰት 94 ያህሉ በቤታ ከወረዱ በኋላ የባሪየም 137 አንድ ደረጃ ላይ ይቆማሉ። ደረጃው ከመሬት፣ ማለትም ከባሪየሙ ዝቅተኛ ደረጃ፣ 662 ኬቪ ከፍ ያለ ነው። የቀረውን በጋማ ይወርዱታል። ስድስት ያህሉ ደግሞ ሳይቆሙ በቤታ ብቻ መሬት ይደርሳሉ። የመጀመሪያዎቹ ቤታ ቢበዛ 514 ነው። 514 ሲደመር 662፣ 1,176። መጽሐፉ የሚልሽ ይሄን ነው። ጋማው የነገረሽ ኒውክሊየሱ የቆመበትን ደረጃ ከፍታ ነው፤ ከላይ እስከ ደረጃው ያለውን ገና አልለካሽም።

«ቢበዛ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቤታ እንደ ጋማ አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር የለውም። ኤሌክትሮኑ ሲወጣ አንቲኒውትሪኖ አብሮ ይወጣል፤ ኢነርጂውን ይካፈላሉ። አንድ ድፎ ዳቦ ለሁለት ልጆች ሰጠሽ እንበል። አንዱ ልጅ አይታይሽም። የሚታይሽ ልጅ አንዴ ቁራሽ ይዞ ይመጣል፣ አንዴ ግማሽ፣ አንዴ ሙሉ ሊባል ምንም ያልቀረው። ዳቦው ምን ያህል እንደነበር በአንድ ቀን አታውቂም። ሺህ ቀን አይተሽ ትልቁን ድርሻ ስታገኚ ግን ታውቂያለሽ። ያ ትልቁ ድርሻ የስፔክትረሙ ጫፍ ነው።

ቻድዊክ ይሄን የተዘረጋ ስፔክትረም ያየው በ1914 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ኢነርጂው የት እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም። የማይታየውን ልጅ ፓውሊ በታኅሣሥ 1930 በጻፈው ደብዳቤ ገመተ። ሬይነስና ካወን በሙከራ ያረጋገጡት በ1956 ነው። ስንት ዘመን እንደፈጀ አስቢው። ስለዚህ አብሽሪ፣ ያስቸገረሽ ነገር ማንንም ያስቸግራል።

ሥራሽ ሁለት ነው ማለት ነው። የደረጃውን ከፍታ ከጋማው፣ የቤታውን ጫፍ ከጋይገሩ። በሶርሱና በጋይገሩ መሀል ስስ አሉሚኒየም እየደረብሽ ቁጠሪ። ቤታው የሚያልቅበት ውፍረት ጫፉን ይነግርሻል። ሶርሱን በፒንሳ ብቻ ያዢው፤ ስሱን ፊቱን በጣት እንዳትነኪው።

ባቲ፦

በመሰናዶ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሶርስ ለሌለን ሰዎች አንድ ሐሳብ ላካፍል። የፖታሽ ማዳበሪያ፣ ማለትም ፖታሺየም ክሎራይድ፣ ፖታሺየም 40 አለበት። የዳሎል ፖታሽ እኮ ከኛ ጎረቤት አፋር ነው ያለው። የጋማ ፒኩ 1,461 ኬቪ ላይ ነው፤ የቤታው ጫፍ 1,311። በቦርከና መንገድ ብንደምረው 2,772 ይመጣል። ተማሪዎቼን በዚህ ላሠራቸው አስቤያለሁ።

ቦርከና፦

መምህር፣ ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ድምሩ ግን መታረም አለበት። ተማሪዎችዎ ጋ ሳይደርስ ብንነጋገርበት ይሻላል።

ፖታሺየም 40 ሁለት መንገድ አለው። ከመቶ 89 ያህሉ በቤታ ወደ ካልሲየም 40 ይሄዳል። እሱ ቀጥታ መሬት ይደርሳል፤ ጋማ የለውም። ወደ 11 ያህሉ ኤሌክትሮን ውጦ ወደ አርጎን 40 ይሄዳል። 1,461 የሚወጣው ከአርጎኑ ነው። አንዱ ደሴ ተነሥቶ ኮምቦልቻ ወርዷል፣ ሌላው ደሴ ተነሥቶ ሐይቅ ሄዷል። የሁለቱን መንገድ አይደምሩም። በካልሲየሙ በኩል ጠቅላላው 1,311 ነው፤ በአርጎኑ በኩል 1,505 ገደማ።

አንድን ጋማ ከአንድ ቤታ ጋር ከመደመር በፊት ጋማው የዚያው ቤታ ልጅ መሆኑን ማረጋገጥ ግድ ነው። የዚህ ሙያ ትልቁ ድካም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ማዳበሪያውን ግን ይጠቀሙበት። አንድ ኪሎ ፖታሺየም ክሎራይድ በሴኮንድ 1,700 ያህል የ1,461 ጋማ ያወጣል። ዲቴክተሩን ዙሪያውን ቢያለብሱት ፒኩ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ለካሊብሬሽን ዕንቁ ነው።

ሐይቅ ዳር፦

ለእህታችን አቋራጭ ልንገራት። ቤታውንና ጋማውን በሁለት ዲቴክተር ባንዴ መያዝ ይቻላል። 662 ጋማ በመጣ ቅጽበት አብሮት የመጣውን ቤታ ብቻ መመዝገብ ነው። ያኔ የየትኛው ቤታ ልጅ ነው የሚለው ጥያቄ አይኖርም። ኮይንሲደንስ ይባላል።

ቦርከና፦

ልክ ነህ ወንድሜ፣ ዋናው ዘዴ እሱ ነው። ሲሲየም ላይ ግን አይሠራም። ባሪየሙ ደረጃው ላይ ሲቆም ቶሎ አይወርድም፤ ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ) 2.55 ደቂቃ ነው። ቤታው ሄዶ፣ ጋማው ከደቂቃዎች በኋላ ይመጣል። ባንዴ እይዛቸዋለሁ ብትል በአጋጣሚ የተገናኙትን ነው የምትይዘው። ኮባልት 60 ላይ ግን ከዓይን ጥቅሻ በብዙ እጥፍ ባነሰ ጊዜ ስለሚከተለው ይሠራል።

ዕድሜያቸው ሴኮንድና ከሴኮንድ በታች የሆኑ ኒውክሊየሶች የሚለኩትም በዚህ ነው። ጄኔቫ አጠገብ ባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ ሰርን ውስጥ፣ አይሶልዴ የሚባለው ላብ ከ1967 ጀምሮ እንዲህ ዓይነት ኒውክሊየሶች ያመርታል። እንደተሠሩ ቀጭን ቴፕ ላይ ያርፋሉ፤ ቴፑ ዲቴክተሮቹ ፊት ያደርሳቸዋል። በአንድ በኩል ቤታውን የሚይዝ ፕላስቲክ፣ በሌላ በኩል በፈሳሽ ናይትሮጅን የቀዘቀዘ ጀርማኒየም። የጀርማኒየም ጥራት ስታየው ታምራለች። ያንቺ ዲቴክተር፣ የጦሳ ልጅ፣ 662ን 46 ኬቪ ያህል ስፋት ያለው ጉብታ አድርጎ ነው የሚያሳይሽ። ጀርማኒየም 2 ኬቪ የማይሞላ መርፌ አድርጎ ያወጣዋል። ሃያ ሠላሳ ጋማ ቢኖር አንድ በአንድ ትለያቸዋለሽ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጋማ አብሮት የመጣውን የቤታ ስፔክትረም አውጥተሽ ጫፉን ትፈልጊያለሽ። የደረጃውን ከፍታ ስትደምሪበት በሁሉም መንገድ አንድ ዓይነት ጠቅላላ መምጣት አለበት። አንዱ ካፈነገጠ ወይ ደረጃው ተሳስቷል፣ ወይ ያላየሽው ጋማ አለ።

ያላየሽው ጋማ ከባድ ነገር ነው። ከፍ ያሉ ደረጃዎች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የሚሰጡት ጋማ ደካማ ነው። ጀርማኒየም ያልፋቸዋል። ያኔ ቤታው ታች ያለ ደረጃ ላይ ያረፈ ይመስልሻል፤ በእውነቱ ያረፈው ከፍ ያለው ላይ ነው። ሃርዲና ባልደረቦቹ በ1977 ይሄን በደንብ አሳይተው «ፓንዴሞኒየም» ብለውታል። መፍትሔው ሶርሱን በትልቅ ክሪስታል መክበብ ነው። ጋማዎቹን አንድ በአንድ መለየት ይቀርና ድምራቸው ይያዛል። ይሄ ለወረቀት ብቻ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ሪአክተር ሲዘጋ ወዲያው ከሙሉ ኃይሉ ስድስት ሰባት በመቶ ያህል ሙቀት ይቀራል። ሙቀቱ ከነዚሁ ቤታና ጋማዎች ነው። ማቀዝቀዣውን የሚያቅድ መሐንዲስ ይሄን ቁጥር ማመን መቻል አለበት።

የኒውክሊየሶቹን ማስ (ክብደት) በቀጥታ መመዘንም አለ፤ ፔኒንግ ትራፕ በሚባል መሣሪያ። የፍርሰቱ ኢነርጂ የሁለት ማስ ልዩነት ስለሆነ ዛሬ በጥራት የሚበልጠው እሱ ነው። እኔ ግን ሁለቱም ሲስማሙ ማየት ነው የምወደው።

የጦሳ ልጅ፦

ጋሼ ቦርከና፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ። አሉሚኒየም ሉህ ስላጣሁ የለስላሳ ቆርቆሮ ቆርጬ፣ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ በማይክሮሜትር ለካሁት። አንዱ 0.10 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ በአንድ እየደረብኩ ቆጠርኩ።

ቁጥሩ በጣም ወረደ፤ ከስምንተኛው ንጣፍ በኋላ ጠፍጣፋ ሆነ። 0.8 ሚሊ ሜትር ወደ 620 ኬቪ ይሰጠኛል። 620 ሲደመር 662፣ 1,282። መቶ ኬቪ በላይ ተርፎኛል። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ያው ነው። ምን አጥፍቼ ነው?

ቦርከና፦

ምንም አላጠፋሽም። የለካሽው ትክክል ነው። የለካሽው ነገር ግን ቤታ አይደለም።

ባሪየሙ ደረጃው ላይ ቆሞ 662ን ሁልጊዜ በጋማ አይለቅም። ከመቶ ዘጠኝ አሥር ያህሉ ጊዜ ኢነርጂውን ከራሱ ኤሌክትሮኖች ለአንዱ ይሰጠዋል። የውስጠኛው ኤሌክትሮን ለመላቀቅ 37 ኬቪ ይከፍላል፤ 662 ሲቀነስ 37፣ 625 ገደማ ይዞ ይወጣል። ይሄ ኮንቨርሽን ኤሌክትሮን ነው። ከ514 ጫፍ አልፎ ስምንተኛ ንጣፍ ያደረሰሽ እሱ ነው። ስለዚህ 620ው ላይ 662 መደመር አንድን ቁልቁለት ሁለት ጊዜ መውረድ ነው። ያው 662ቱ ነው፣ ልብሱን ቀይሮ የመጣ።

በጋይገርና በቆርቆሮ የሲሲየምን 514 ለይቶ ማውጣት ይከብዳል። ወደ ኮባልቱ ሂጂ። ኮባልት 60 እንዲህ ዓይነቱ ኤሌክትሮን ከቁጥር የማይገባ ነው፤ ፍርሰቱ ሁሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ አንድ ቤታና ሁለት ጋማ ነው፤ 1,173 እና 1,332። ሶርሱን ወደ ሶዲየም አዮዳይዱ አስጠግተሽ ረዘም አድርገሽ ብትቆጥሪ ሁለቱ ጋማ ባንዴ የገቡበት ትንሽ ፒክ 2,506 ላይ ታያለሽ። የደረጃውን ሙሉ ከፍታ በአንድ ፒክ ማለት ነው። መሀል ላይ 1,461 ጋ አንዲት ጉብታ ካየሽ የግድግዳው ፖታሺየም ናት፤ አታስደንግጥሽ። የኮባልት ግማሽ ዕድሜ 5.27 ዓመት ስለሆነ የሶርሱን ቀን እይ። አሥር ዓመት ተኩል ካለፈው የቀረው ሩቡ ነው፤ ቆጠራውን አርዝሚው።

የቤታው ጫፍ ዝቅተኛ ስለሆነ ቆርቆሮው ይወፍርብሻል። የምግብ መጠቅለያ ፎይል ተጠቀሚ። የጋይገሩን መስኮትና መሀል ያለውን አየርም መደመር አትርሺ። የደሴ አየር ሳሳ ስለሚል ከመጽሐፉ ቁጥር ሩቡን ያህል ቀንሺ።

ሲሲየሙንም ጨርሰሽ አትተዪው። ቀጥታ መሬት የሚወርዱት ስድስቱ የት ሄዱ? የነሱ ቤታ 1.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ድረስ ይዘልቃል። ከስምንተኛው ንጣፍ በኋላ ጠፍጣፋ ነው ያልሽው እውነት ጠፍጣፋ ነው? በደንብ ቁጠሪው።

የጦሳ ልጅ፦

ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሳምንቱን መብራት አስቸግሮን ነበር።

ኮባልቱ ተሳካ። አሥር ፎይል አጣጥፌ ለካሁ፤ 0.16 ሚሊ ሜትር፤ አንዱ 0.016 ማለት ነው። አሥራ ዘጠነኛው ፎይል ላይ ቤታው አለቀ። መስኮቱንና ሁለት ሳንቲ ሜትር አየሩን ስደምር 315 ኬቪ አካባቢ መጣ፤ ስህተቱ ሃያ ያህል። 2,506 ላይ ያሉኝን ፒክ ሳየው ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ትንሽ ናት፣ ግን አለች። ድምሩ 2,821። መጽሐፉ 2,823 ይላል።

ሲሲየሙን ደግሞ ሃያ ቆርቆሮ ደርቤ ጀመርኩ፤ ጋማ ብቻ እንዲቀር። በአሥር ደቂቃ 3,010። ከዚያ ወደ አሥር ንጣፍ ቀነስኩ፤ 3,290። ልዩነቱ ከስህተቱ ሦስት እጥፍ በላይ ነው። ጠፍጣፋ ያልኩት ጠፍጣፋ አልነበረም፤ ስድስቱ እዚያ አሉ። አሥራ አንደኛው ላይ 3,190 ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለውን በአሥር ደቂቃ መለየት አልቻልኩም። ዛሬ ማታ አሥራ አራት ንጣፍ አድርጌ እስከ ንጋት ልተወው ነው። ካሊብሬሽኑን ጨርሻለሁ፤ አሁን ልጀምር ነው።